እሁድ ተነሳ የተባለው ፎቶ

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ደግፌ፣

እንዴት ከርመዋል? ባለቤትዎ እትዬ ሽታዬ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መዘምራኑ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ከብርዱና ከጨለማው በቀር የሚያማርረኝ የለም። በቴሌግራም ሁለት መስመር ብልክልዎ «የእህቴ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ረሳች» ብለው ለእማዬ ከሰሱኝ አሉ። ይኸው በወረቀት ጽፌ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። ቀይ እስክሪብቶዎን ግን እንዳያወጡ አደራ።

ጉዳዬ የወንድሜ የይስሐቅ ፊት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ዙሪያውን እየዞሩ በስልክዎ ሠላሳ ስድስት ጊዜ እንዳነሱት ያስታውሳሉ? በዚያ ፎቶ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሠርቼ ነበር፤ ለሙከራ ነው። አሁን አለቃዬ ወደደውና ቀዛፊው መሥሪያ ቤታችን የሚሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ገባ። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ለተጫዋቹ በጣም ይቀርባል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር መታየት አለበት።

ችግሩ እኔ እጅ ያለው የታሸገው ብቻ መሆኑ ነው። ላስረዳዎ። ኮምፒውተር ውስጥ የምንሠራው ሰው መጀመሪያ ቀለም የሌለው ጭቃ ነው። ላዩ ላይ የምናለብሰው ሥዕል ቴክስቸር ይባላል። ስልክዎ ላይ ያለ ፎቶ ጄፔግ በሚባል መንገድ ታሽጎ ይቀመጣል፤ ለማየት ግን ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ጨዋታ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ እየሣለ እሱን ሲፈታ አይኖርም። ስለዚህ ሥዕሉን አራት በአራት በሆኑ ጥቃቅን ካሬዎች እንቆርጠዋለን። አንዷ ካሬ አሥራ ስድስት ነጥብ አላት። ሁለት ቀለም ብቻ እንመዘግብና ለያንዳንዱ ነጥብ «አንተ ወደዚህኛው ትቀርባለህ፣ አንተ ወደዚያኛው፣ አንተ መሃል ነህ» ብለን እናልፋለን። እንደታሸገ ይሣላል፣ ቦታም አይፈጅም። የጠፋው ግን አይመለስም።

እኔ ያንን አሽጌ ጨረስኩና ዋናዎቹ ፎቶዎች የነበሩበት ላፕቶፕ ተቃጠለብኝ። እርስዎም ስልክዎ ሲሞላ ከጥቂቶቹ በቀር እንዳጠፏቸው ነግረውኛል። በእኛ ሙያ ዋናውን መጣል ትልቅ ነውር ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። እባክዎን እንደገና ያንሱልኝ። ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ፀሐይ አይምታው፣ እንዳይስቅ ይቆጡት። ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ ቴሌግራም ፎቶ ሲያገኝ የራሱን ማሸግ ይጨምርበታል። ይስሐቅ ያውቀዋል።

እማዬን ሳሙልኝ።
የእህትዎ ልጅ ሔርሜላ

---

ወላይታ ሶዶ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ለእህቴ ልጅ ለሔርሜላ፣

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም በዚያ በበረዶ አገር ከደጅሽ አይለይ። እኛ በምሕረቱ ደህና ነን። መልስ ያዘገየሁት የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሳርም ነው። የአንቺንም ደብዳቤ አርሜዋለሁ፤ ሦስት የፊደል ግድፈት አለው፣ በአክብሮት አልፌዋለሁ።

ማብራሪያሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ከአሥራ ስድስት ተማሪ የሁለቱን ብቻ አርሜ፣ ሌላውን «ወደዚህኛው ይቀርባል» ብዬ ውጤት ብሞላ ኖሮ እስካሁን ከሥራ ተባርሬ ነበር። ለአንቺ ግን ለዚሁ ደሞዝ ይከፈልሻል። ጉድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ይስሐቅ አሁን አጠገቤ ቆሟል። ከሱቁ መምጣቱ ነው፤ እጁ ላይ የሰው ስልክ ተፈታትቶ ይዟል። ልክ እሱ እንዳለው እንድጽፍለት ስለለመነኝ እጽፋለሁ፦ «ዋና የማልችለውን ሰው ጀልባ ቀዛፊ አድርገሽ ደግሞ ፊቴን ሁለት ቀለም አደረግሽው? እስቲ ስንት ኪሎባይት አወጣለሁ? የኔን ፊት ለማስቀመጥ ቦታ ጠበባችሁ?» እናትሽ ከወዲያ ሆና «ዝም በል፣ ለፊትህ የሚከፍሉህን አመስግን» ትለዋለች።

ሐሙስ ተበላ ከተማ ሄዶ የሚጠገኑ ስልኮች ተቀብሎ ይመለሳል። እሁድ ከአምልኮ በኋላ አነሳዋለሁ፤ ጥላ ውስጥ፣ ሳይስቅ። እንዳይስቅ ማድረጉ ላይ ግን ቃል አልገባም።

እናትሽ፣ ሽታዬ፣ ሁሉም ይስሙሻል።
አጎትሽ ደግፌ

---

ታምፔሬ
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ደግፌ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁ ይድረስ። ደብዳቤዎን ለሥራ ጓደኞቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ የአሥራ ስድስቱ ተማሪ ነገር ሲያስቃቸው ዋለ። አለቃዬ ሰሌዳ ላይ ጻፈው።

ያ ሰነፍ ወንድሜ ግን ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው። የሰው ስልክ ሲጠግን የራሱን ባትሪ መሙላት ይረሳል። ይንገሩልኝ፦ ፊቱ ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ነጥብ በሁለት ሺህ አርባ ስምንት ነጥብ ተፈቅዶለታል። በጨዋታው ውስጥ እንዲህ ያለ ስፋት የተሰጠው ሌላ ሰው የለም። ኩራት ካልያዘው ከነገ ወዲያ እሁድ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ጢሙንም ይላጭ።

ሔርሜላ

---

ወላይታ ሶዶ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ሔርሜ፣ ልጄ፣

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ይስሐቅ ሞቷል።

ሐሙስ ከተበላ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈዋል፤ የሞተው እሱ ብቻ ነው። ሊጠግናቸው የተቀበላቸው ስልኮች ያሉበት ቦርሳ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ አመጡት። አንዱ ስልክ ቦርሳው ውስጥ ይጮህ ነበር። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ማንም ደፍሮ አላነሳውም። እስኪዘጋ ድረስ ቆመን ሰማነው።

አርብ ጉኑኖ፣ ከአባታችሁ አጠገብ ቀበርነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከቀብር ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ጢሙን ይላጭ ብለሻል። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬ እጄን የት እንደማደርገው የጠፋኝ ያን ቀን ነው።

እናትሽ ሁለት ቀን «ታ ናኣው»፣ ልጄ ልጄ እያለች ስትጣራው ቆይታ ትናንት ማታ ድምጿ ተዘጋ። አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰማም። አፏ አጠገብ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት። «ለሔርሜላ በስልክ ከነገርካት ሁለተኛ ልጄን ቀበርክብኝ» ነው የምትለው። ብቻሽን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ የሚይዝሽ ሰው በሌለበት መርዶ ሰምተሽ ምን እንደምትሆኚ አላውቅም። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። በፌስቡክ እንዳይለጠፍ ለዘመድ ሁሉ ተነግሯል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሄልሲንኪ ውስጥ ኤርካሎ የሚባል የቦዲቲ ልጅ አውቃለሁ ብሏል። ኤርካሎ ሰው ይዞ ደጅሽ እስኪደርስ ድረስ አንደበታችንን እንይዛለን።

ዛሬ እሁድ ነው። ፎቶ የምናነሳበት ቀን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ፎቶ አንቺ ያስነሳሽው ነው፤ ከሠላሳ ስድስቱ ፊት ለፊት ያየበት። ሌላ ጥሩ ፎቶ አልነበረውም።

ይህን የጻፍኩት እንዳልፈነዳ ነው። አልክልሽም።

---

ወላይታ ሶዶ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለሔርሜላ፣

የሰላም አምላክ ሰላሙን ያብዛልሽ። በመውጣትሽም በመግባትሽም ይጠብቅሽ። በቀኝሽም በግራሽም ይሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ምንም አታስቢ።

የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። ይስሐቅ ቤሌ በኩል ጥሩ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ኔትወርክ የለም። እሁድ ለግማሽ ቀን መጥቶ ነበርና ያኔ አነሳሁት። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እናትሽ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ስለተዘጋ ለመደወል አትቸኩዪ። ሲሻላት እኛው እንደውላለን።

በርቺ፣ ብቻሽን አትሁኚ፣ ከሰው ጋር ብዪ።
አጎትሽ ደግፌ

---

ታምፔሬ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ደግፌ፣

እንዴት ሰነበቱ? ፎቶው ደርሶኝ በጣም ደስ አለኝ። አረንጓዴው ሸሚዝ አዲስ ነው? ያምርበታል። ሥራ ማግኘቱንም ለእኔ ሳይነግረኝ መቅረቱን አስቤ ተናድጄ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተወኝ።

ነገር ግን ጋሼ፣ እንደ ፎቶ ነው የላኩት። ዘጠና ኪሎባይት ብቻ። ሳቀርበው ዓይኑ ይፈርሳል። ይህን ጨዋታው ውስጥ ሳስገባ እንደገና ላሽገው ነው፤ የታሸገ ላይ ማሸግ ማለት ያው የማርክ ወረቀቱን ከግልባጭ መገልበጥ ነው። የወረቀት ማያያዣዋን ምልክት ይጫኑ፣ ከዚያ «ፋይል» የሚለውን። ግራና ቀኝ ጎኑንም ካነሱት ይጨምሩልኝ።

ደግሞ ቤሌ ኔትወርክ የለም ሲሉኝ ግራ ገባኝ። አምና ከዚያ ደውሎልኝ ግማሽ ሰዓት አውርተናል። አምስት ሰከንድ ትሁን፣ ድምፁን ቀድቶ ይላክልኝ። «ደደብ» ብሎ ይስደበኝ፣ ይበቃኛል።

እማዬን ትኩስ ነገር አጠጧት።
ሔርሜላ

---

ወላይታ ሶዶ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሔርሜላ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንዳልሽው በፋይል ልኬያለሁ። የጎኑንም አንድ ጨምሬያለሁ። ድምፅ ለመቅዳት አልተመቸም፤ ተመልሶ ሄዷል። እናትሽ እየተሻላት ነው። አንቺ ጋ የሶዶ ሰው፣ የአገር ሰው በቅርብ አለ? የቤትሽን አድራሻ፣ የሕንፃውን ቁጥር ሳይቀር አስተካክለሽ ጻፊልኝ፤ የሚመጣ ሰው ካለ ዕቃ ልልክልሽ አስቤ ነው።

ደግፌ

---

ታምፔሬ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ደግፌ፣

ስለ ሰላምታው ይቅርታ ያድርጉልኝ። አድራሻዬን በሌላ ወረቀት ልኬያለሁ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ እኔም የምጽፈው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ፋይሉን ዛሬ ጠዋት ሥራ ቦታ ከፈትኩት። የኔ ሥራ ሰው የማያየውን ማየት ነው። ጄፔግ ሥዕልን ስምንት በስምንት በሆኑ ካሬዎች ይቆርጣል። በታሸገ ቁጥር የካሬዎቹ ጠርዝ በስሱ ይቀራል። ፎቶው ተከርክሞ እንደገና ሲታሸግ አዲሱ መስመር ከአሮጌው ጋር አይገጥምም፤ ሁለት ዓይነት መረብ ይሆናል። ይህን የፈለግሁት ላጸዳው ብዬ ነበር። የይስሐቅ ፊት ላይ ሦስት መረብ አገኘሁ። ሸሚዙ ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው።

እሁድ የተነሳ ፎቶ ፊቱ ሦስት ጊዜ፣ ሸሚዙ አንድ ጊዜ አይታሸግም። ፎቶ ቤት ወስደው ሸሚዝ አስቀይረውለታል። ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው። «ጋሼ ደግሞ ለጨዋታ ብለው አሳመሩት» አልኩ።

ከዚያ እጄ ዝም ብሎ የሁለት ዓመቱን ቴክስቸር አወጣ። ሁለቱን አንዱ ላይ አንዱን አስቀምጬ ቀነስኳቸው። ልዩነት ካለ ይበራል፣ ከሌለ ጥቁር ይሆናል። ፊቱ በሙሉ ጥቁር ሆነ። ሽፋሽፍቱ፣ ከንፈሩ ላይ ያረፈችው ብርሃን፣ ግንባሩ ላይ የወደቀችው ጸጉር፣ አንዷም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የጎኑም እንደዚያው። ሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚያው ሽፋሽፍት፣ በዚያው ብርሃን አይቀመጥም።

አጠገቤ የሚሠራው ልጅ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ፎቶው አሮጌ ነው» አልኩት። እሱም ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ «ታዲያ ሌላ አስነሺው» አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሌላ ለምን አላነሱትም? ስልክ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ግቢው አለ። ሸሚዝ ለማስቀየር ፎቶ ቤት ከመሄድ ይልቅ ልጁን መጥራት ይቀል ነበር። እንዴት ከሥራ ቦታ ወጥቼ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ካፖርቴን እዚያው ትቼዋለሁ፣ ብርዱም አልተሰማኝም።

ጋሼ፣ እኔም የሶዶ ልጅ ነኝ። ሰው ለምን እንዲህ እንደሚዋሽ አውቃለሁ። የጎረቤታችን የዓመለወርቅ ወንድም የሞተ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስትጠይቀኝ «ደህና ነው በያት» ተብዬ ዓይኗን እያየሁ «ደህና ነው» ብያታለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ዛሬ ደብዳቤዎቻችሁን ደርድሬ ሳይ የእኔን የስምንት ዓመት ድምፅ ሰማሁ። ቤሌ፣ ኔትወርክ፣ ጉንፋን፣ የሕንፃው ቁጥር።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ወንድሜ አለ?

ሔርሜላ

---

ወላይታ ሶዶ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሔርሜላ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ኤርካሎ የሚባል ወንድም ከባለቤቱና ከሌሎች ወገኖች ጋር ከሄልሲንኪ በባቡር ይመጣል። በሩን ክፈቺላቸው። እስከዚያ ብቻሽን አትደሪ፤ ከጓደኞችሽ አንዷን ጥሪ። እህል ቅመሺ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጌታ ይያዝሽ።

አጎትሽ ደግፌ

---

ታምፔሬ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ደግፌ፣

ቅዳሜ መጡ። ሰባት ናቸው። አንዳቸውንም አላውቃቸውም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ድስትና ዳጣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። በሩን ስከፍት ሁሉም ወደ መሬት አዩ። የኤርካሎ ባለቤት ህብረት ድስቱን በሁለት እጇ አቅፋ ነበር።

አራት ቀን ሙሉ አውቄ ቆይቻለሁ። ማክሰኞ አልቅሼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። «አውቃለሁ፣ አትጨነቁ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ሌሊት ተነስተው በበረዶ መጥተዋል። ውኃ ቀዳሁላቸው። ኤርካሎ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ማንበብ ጀመረና መሃል ላይ አቆመ። ህብረት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ክንዴን ያዘች። «ይስሐቅ» ብሎ ስሙን ሲጠራ ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አላስታውስም። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ፖሊስ ጠርተው ነበር አሉኝ። ፖሊሶቹ ገብተው ሰባት ሰው ሲያለቅስ አይተው ኮፍያቸውን አውልቀው ወጡ።

ማወቅና መስማት የተለያየ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ለምን እንደጠበቃችሁ ገብቶኛል። አልተቀየምኩዎትም። በሸሚዙ ብቻ ተቀይሜያለሁ፤ እሱም ይወጣልኛል።

ትናንት ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ነገሩን ሰምቶ «ፊቱን እናውጣው?» አለኝ። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። አንድ ቴክስቸር ሲሠራ ብቻውን አይቀመጥም፤ ከሩቅ ሲታይ የሚወጣ ግማሹ፣ ከዚያም ራቅ ሲል የግማሹ ግማሽ እየተባለ በደረጃ አብሮት ይቀመጣል። መጨረሻው አንድ ነጥብ ነው። ያችን ነጥብ ከፍቼ ሳያት ዋልኩ። ቡናማ ናት። ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ተፈቅዶለት የደረሰኝ እሷ ናት። ከዚያ ተነስቼ ፊቱ ይቆይ አልኩት።

አሁን ግን የመጣሁበትን ልናገር። ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ ስትደውሉ ኔትወርኩ ደካማ ነበር። እማዬ ናት ብላችሁ ያሳያችሁኝ ሰው ከጥቁር ነጠላ በቀር ፊቷ ካሬ በካሬ ሆኖ ተበላሽቶ ነበር። ድምፅ አላወጣችም። ከጀርባ የሚያለቅሱትን ሴቶች ሁሉ በድምፃቸው ለየኋቸው፤ የእማዬ የለበትም። እትዬ ሽታዬ «ይኸው እናትሽ» ስትለኝ ማየት የምችለው ቀለም ብቻ ነበር።

ጋሼ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ወንድሜ ሞቶ ሳለ «ቤሌ ነው» ብለው ሳምንታት አቆይተውኛል። እናቴ በሕይወት አለች ሲሉኝ አሁን እንዴት ልመንዎ? ሌሊት ስነሳ «ሁለቱም ሞተዋል፣ አንዱን መጀመሪያ ነገሩኝ፣ ሌላው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው» እያልኩ ነው። ኮሪደር ላይ እግር በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

እማዬን ፎቶ ያንሷት። ዛሬ፣ እንደተቀመጠች። ማንም እንዳይነካው። በፋይል ይላኩልኝ፤ እኔ አየዋለሁ። እስኪደርሰኝ ድረስ አልጋ ላይ አልወጣም።

ሔርሜላ

---

ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሔርሜላ፣

ሰላም ልልሽ አልደፍርም። ይህን ያደረግሁብሽ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን «አትዋሹ» ብዬ ቀጥቻለሁ። በአንድ ሸሚዝ እንዲህ ያለ ፍርሃት ልብሽ ውስጥ እንደማስገባ አልመሰለኝም። ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ሽታዬም ስልኩን ከእጄ ወስዳ አነበበችው።

ከዚያ ለእናትሽ አነበብኩላት። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ካሁን በኋላ ግን ከዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም። «አልሞተችም ወይ?» ብለሽ መጠየቅሽን ስትሰማ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ፎቶውን ልኬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ሜጋባይት ነው። ያነሳሁት ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ፎቶ ቤትም አልደረሰም። ስትከፍቺው ትደነግጫለሽ፣ አውቀሽ ክፈቺው። ከስታለች፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፣ በአንድ ወር ሃያ ዓመት ጨምራለች። እኔ በየቀኑ ሳያት አላስተዋልኩትም ነበር። ስልኩ ላይ ሳየው እኔም ደነገጥኩ።

ካሜራውን ስከፍት ሽታዬ «ቆይ፣ እንዲህ ሆና ሔርሜላ አትያት» ብላ ማበጠሪያ ይዛ ተነሳች። እናትሽ እጇን ያዘቻት። አርባ ቀን የተዘጋው ድምጿ ሻካራ ሆኖ ወጣ፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሰማነው።

«ተዪኝ» አለች። «ልጄ እንዳለሁ ትየኝ።»

ደግፌ